አዲሱ ካርድ የድሮውን ጌም ለምን ናቀው?

የዛሬው ጥያቄ ከአዳማ ነው የመጣው። ጠያቂው አነስ ያለች ጌም ቤት አለው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? አጎቴ ከዱባይ ሲመጣ ኢንቴል አርክ ኤ750 የሚባል ግራፊክስ ካርድ አመጣልኝ። 8 ጊጋ ነው። ኮር አይ5 10ኛ ጀነሬሽን ኮምፒውተር ላይ ሰካሁትና ዊንዶውስ 10 እንደ አዲስ ጫንኩ። ድራይቨሩን አጎቴ በፍላሽ ከላከልኝ ነው የጫንኩት። ጂቲኤ 5 ጥሩ ይሠራል፤ አልፎ አልፎ ግን ቀጥ ይልና ይቀጥላል። የ2005ቱ ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ በድሮው ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ካርዴ እንደ ውሃ ነበር የሚፈሰው። አሁን ይቆራረጣል። ፔስ 2013 ጭራሽ አይከፈትም፤ ዲ3ዲኤክስ9 ብሎ የሚጀምር ፋይል ጠፍቷል ይለኛል። አንድ ሻጭ ሳማክር ‹አዲስ ካርድ ዳይሬክትኤክስ 12 ነው፣ 9ን አይደግፍም፣ ሽጠህ ዩዝድ ግዛ› አለኝ። እውነት ነው? ዲኤክስዲያግ (የዊንዶውስ መመርመሪያ) ላይ ግን 9_1 የሚል አየሁ። የድራይቨሩ ቀን ኦክቶበር 2022 ይላል። ደንበኞቼ የሚፈልጉት ፔስና የድሮ ጌም ነው።»

ካርዱን አትሽጥ። ሻጩ ሙሉ በሙሉ አልዋሸህም፤ ስለ አርክ የተናገረው ውስጥ እውነት አለ። ግን ከተናገርካቸው ሦስት ችግሮች ውስጥ እሱ ያለው ነገር የሚነካው አንዱን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ካርድ አያሸጥም። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ይህ ካርድ ዳይሬክትኤክስ 9ን ይደግፋል» ሲባል፣ ብዙ ሰው ቺፑ ውስጥ ዳይሬክትኤክስ 9 የሚባል ነገር የተቀመጠ ይመስለዋል። የለም። 12ም የለም። ቺፑ የሚሰማው የራሱን ቋንቋ ብቻ ነው። ያም ቋንቋ ካምፓኒው አዲስ ትውልድ ባወጣ ቁጥር ይለዋወጣል። ጌሙ በዳይሬክትኤክስ ያዛል፤ «ይህን ቅርጽ እዚህ ሳል፣ ይህን ምስል አልብሰው» ይላል። ትእዛዙን ተቀብሎ በቺፑ ቋንቋ የሚናገረው ድራይቨሩ ነው። ቱርጁማን በለው። በግእዝ የተጻፈ ደብዳቤ ግእዝ ለማያውቅ የቢሮ ጸሐፊ ቢደርሰው፣ አጠገቡ አንድ መሪጌታ ካለ ሥራው አይቆምም። ደብዳቤው በስንት ሰዓት መልስ ያገኛል የሚለው ግን በመሪጌታው ፍጥነት ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1990ዎቹ ጌሙ «ጭጋግ አብራ» ሲል፣ ካርዱ ላይ ለጭጋግ ብቻ የተሠራ ሰርኪዩት ነበር። ለመብራት ሌላ፣ ምስል ለመደረብ ሌላ። ጌም ሠሪው ማብራትና ማጥፋት እንጂ አሠራሩን መቀየር አይችልም። በ2001 ጂፎርስ 3 ሲመጣ ጌም ሠሪዎች ሼደር የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን ራሳቸው ጽፈው ለካርዱ መስጠት ጀመሩ። በ2006 መጨረሻ የወጣው ጂፎርስ 8800 ጂቲኤክስ ደግሞ 128 ማስሊያዎች ይዞ መጣ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሰጠሃቸውን ሼደር ይሠራሉ። ለጭጋግ የተለየ ሠራተኛ የሚባል ነገር እየቀረ ሄደ።

ታዲያ የ2003 ጌም ዛሬም «ጭጋግ አብራ» ሲል ማን ይሰማዋል? ድራይቨሩ ነዋ። ትእዛዙን ያነብና፣ ልክ እንደዚያ ጭጋግ የሚሠራ ሼደር ራሱ ጽፎ ለቺፑ ያቀብላል። አዲስ ካርድ ላይ ቫይስ ሲቲን ስትከፍት ሩቁ ሕንጻ በጭጋግ ሲሸፈን ካየህ፣ ያን ጭጋግ የሠራው የድሮ ሰርኪዩት ሳይሆን ድራይቨር ጸሐፊ ነው።

ቱርጁማን ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም በዓይናችን አይተናል። በ1996 ቩዱ የሚባል ካርድ ነበር፤ ሠሪው ስሪዲኤፍኤክስ ነው። ግላይድ የሚባል የራሱ ቋንቋ ነበረው። በዘመኑ ጉድ የተባለለት ነው። በ2000 መጨረሻ ካምፓኒው ሲወድቅ ንብረቱን ኤንቪዲያ ገዛው። ከዚያ በኋላ ለአዲስ ካርድ ግላይድ የሚናገር ድራይቨር የሚጽፍ ጠፋ። በግላይድ ብቻ የተሠሩ ጌሞች ሜዳ ላይ ቀሩ። በኋላ ኤንግላይድና ዲጂቩዱ የሚባሉ ፕሮግራሞች መጡ። የግላይድን ትእዛዝ ሰምተው ወደ አዲሱ ቋንቋ ይመልሳሉ። ጌሞቹ ዛሬ ባንተው ካርድ ላይ ሳይቀር ይሠራሉ። ቺፑ ምንም አልተጨመረበትም።

አሁን ወዳንተ አርክ እንምጣ። ኤንቪዲያና ኤኤምዲ (ኤኤምዲ በ2006 የገዛው ኤቲአይ ነበር የጀመረው) ዳይሬክትኤክስ 9 ከወጣበት ከ2002 ጀምሮ ድራይቨራቸውን ሲጠጋግኑለት ኖረዋል። ኢንቴል በ2022 አርክን ሲያወጣ ያን ሁሉ ዓመት የሚያህል ሥራ ከባዶ መጀመር አልፈለገም። አርክም ሆነ በ12ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰሮች ውስጥ ያለው ግራፊክስ ዳይሬክትኤክስ 9ን በቀጥታ እንደማይደግፉ በይፋ ተናገረ። በምትኩ ማይክሮሶፍት የሠራው መተርጎሚያ ተቀመጠ። እሱ የ9ኝን ትእዛዝ ወደ 12 ይመልሳል፤ ከዚያ የኢንቴል ድራይቨር 12ን ወደ ቺፑ ቋንቋ ይመልሳል። ሁለት ቱርጁማን ማለት ነው። ሻጩ የሰማው ይህን ነው። «በቀጥታ አይደግፍም» የሚለው መንገድ ላይ «አይደግፍም» ሆኖ ደረሰህ።

መጀመሪያ ሰሞን ይህ ነገር በእውነትም ደካማ ነበር። ጌሙ ይከፈታል፣ ግን ይንገዳገዳል። በዲሴምበር 2022 ኢንቴል አካሄዱን ቀየረ። ለታወቁ ጌሞች ዲኤክስቪኬ ከሚባለው ነፃ ፕሮግራም የተወሰደ መተርጎሚያ ድራይቨሩ ውስጥ አስገባ። ዲኤክስቪኬ የተወለደው ሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ጌም ለማጫወት ነው፤ ዳይሬክትኤክስን ወደ ቩልካን፣ ማለትም እንደ እሱ ወዳለ ሌላ የግራፊክስ ቋንቋ፣ ይመልሳል። ኢንቴል በራሱ ፈተና የዳይሬክትኤክስ 9 ጌሞች ፍጥነት እስከ 1.8 እጥፍ ጨመረ ብሏል። ካርዱ ያው ነው፤ አንዲት ብሎን አልተነካችም።

አሁን ያንተን ድራይቨር ቀን ተመልከት። ኦክቶበር 2022። ከለውጡ በፊት ያለው ነው! አጎትህ በፍላሽ የሰጠህ የዚያን ጊዜውን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራህ አዲሱን ድራይቨር ከኢንቴል ገጽ ማውረድ ነው። ፋይሉ ከግማሽ ጊጋ በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ አትሞክረው፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ በፍላሽ ቅዳው። ስትጭን «ክሊን ኢንስቶል» የሚለውን ምረጥ፣ የድሮው ቅሪት እንዳይኖር።

ዲኤክስዲያግ ላይ ያየኸው 9_1 ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። እዚያ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ዳይሬክትኤክስ 12» የሚለው ዊንዶውሱ የያዘው ነው፤ ስለ ካርድህ ምንም አይናገርም። ዲስፕሌይ የሚለው ገጽ ላይ ያለው «ፊቸር ሌቭልስ» ነው የካርዱ። እዚያ ያለው 9_1 ግን «የዳይሬክትኤክስ 9 ጌም እችላለሁ» ማለት አይደለም። በዳይሬክትኤክስ 11 የተጻፈ ፕሮግራም ራሱን ዝቅ አድርጎ ደካማ ካርድ ላይ እንዲሠራ የተቀመጠ ደረጃ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ትንሽ ቢያስብበት ኖሮ እኛም ይህን ሁሉ ማብራራት ባላስፈለገን።

የፔስ ችግር ከካርዱ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። አርክም ብትሰካ ኤንቪዲያም ብትሰካ ያው ኤረር ይመጣ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ዋናው ዳይሬክትኤክስ 9 ዊንዶውስ 10 ውስጥ አለ። ጌም ሠሪዎች በጎን የሚጠቀሙበት የረዳት ፋይሎች ስብስብ ግን አብሮ አይመጣም። ዲ3ዲኤክስ9 ከሚለው ስም ቀጥሎ ከ24 እስከ 43 ቁጥር አላቸው። እያንዳንዱ ጌም የተሠራበትን ቁጥር ይፈልጋል፤ 43 አለህ ብሎ 40 ለሚፈልግ ጌም አይሆንም። በድሮው ኮምፒውተርህ ላይ ባለፉት ዓመታት የጫንካቸው ጌሞች አንድ በአንድ አስገብተውት ነበር። ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ስትጭን ሁሉም ጠፋ።

እባክህ ፋይሉን ብቻውን «ዲኤልኤል በነፃ» ከሚሉ ገጾች አታውርድ። እኔ ጀማሪ እያለሁ አድርጌው የደንበኛ ኮምፒውተር ቫይረስ ሞልቼ በነፃ ፎርማት አድርጌ መልሻለሁ፣ ቡናም ጋብዤ። ማይክሮሶፍት የጁን 2010 የዳይሬክትኤክስ ጥቅል የሚለው አለ። 96 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ሁሉንም ቁጥሮች በአንድ ላይ ይዟል። አንድ ነገር ልብ በል፦ ፋይሉን ስትከፍት ፎልደር ምረጥ ይልሃል፣ ትመርጣለህ፣ ያልቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የጫነ ይመስለዋል። የሠራው ግን ዚፑን መፍታት ብቻ ነው። ወደ ፎልደሩ ገብተህ ዲኤክስሴትአፕ የሚለውን አስነሳ። መጫን የሚባለው እሱ ነው። ዳይሬክትኤክስ 12ን ያጠፋብኛል ብለህም አትስጋ፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

በዚች ፋይል የተነሳ ካርድ ሁለት ጊዜ የለወጠ ሰው አውቃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ የሸጠለት ሰው ኤረሩን አንብቦት አያውቅም።

አሁን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝን ልንገርህ። ጂቲኤ 5 «አልፎ አልፎ ቀጥ ይላል» ያልከውን። ጂቲኤ 5 የዳይሬክትኤክስ 11 ጌም ነው። የ9ኝ መተርጎሚያ እዚያ የለበትም። እሱም ቀጥ የሚል ከሆነ ችግሩ ከትርጉም በታች ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው። እኔ የምጠረጥረው ሪሳይዘብል ባር ጠፍቷል ብዬ ነው።

ምንድን ነው? ፕሮሰሰሩ ካርዱ ላይ ያለውን ሜሞሪ የሚያየው በመስኮት ነው። በድሮው አሠራር መስኮቷ 256 ሜጋባይት ናት። ካርድህ 8 ጊጋ አለው፤ ግን ዕቃው ሁሉ በዚያች ጠባብ መስኮት ተራ በተራ ነው የሚገባው። ሪሳይዘብል ባር ሲበራ ግድግዳው ይነሳና ስምንቱም ጊጋ በአንድ ጊዜ ይታያል። ለኤንቪዲያና ለኤኤምዲ ካርድ ይህ ጥቂት ነገር የሚጨምር ምርቃት ነው። አርክ ግን የተሠራው ይህ አለ ተብሎ ነው። ሲጠፋበት ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል፣ መንተክተክም ያመጣል። ኢንቴልም 10ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ፣ ሪሳይዘብል ባር የበራበት ኮምፒውተር ያስፈልጋል የሚለው ለዚህ ነው። 4ኛ ጀነሬሽን ዩዝድ ዴስክቶፕ ላይ አርክ ሰክተው «ካርዱ አይረባም» የሚሉ ሰዎች የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው።

ያንተ ኮምፒውተር 10ኛ ስለሆነ ዕድለኛ ነህ። ግን የ10ኛ ጀነሬሽን ቦርዶች መጀመሪያ ሲወጡ ይህ ማስተካከያ አልነበራቸውም። ብዙዎቹ አምራቾች በኋላ ባዮስን (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳውን የቦርዱን ፕሮግራም) ሲያሻሽሉ ነው የጨመሩት። ጂፒዩ-ዚ የምትባለዋን ትንሽ ፕሮግራም ክፈት፤ ሪሳይዘብል ባር «ዲስኤብልድ» ካለች ግምቴ ትክክል ነው። ከዚያ ባዮስ ገብተህ «አቦቭ 4ጂ ዲኮዲንግ» እና «ሪ-ሳይዝ ባር» የሚሉትን ፈልግ። ካሉ አብራቸው። ከሌሉ ባዮሱ መታደስ አለበት። ይህን ያለ ዩፒኤስ እንዳትሞክረው። ባዮስ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ቦርዱ ሞተ ማለት ነው፤ የእኛን ሰፈር መብራት ደግሞ ታውቀዋለህ።

አንዳንድ ቦርድ ላይ እነዚህ እንዲበሩ ሲኤስኤም የሚባለው፣ በድሮው አሠራር መነሳትን የሚፈቅደው የባዮስ ማስተካከያ፣ መጥፋት አለበት። ከማጥፋትህ በፊት ዊንዶውስ ውስጥ ዲስክ ማኔጅመንት ከፍተህ የዲስኩን ፕሮፐርቲስ እይ፤ ዲስኩ የተከፋፈለበት ዘዴ፣ አዲሱ ጂፒቲ ወይም የድሮው ኤምቢአር፣ እዚያ ተጽፏል። ጂፒቲ ከሆነ ችግር የለም። ኤምቢአር ከሆነ ሲኤስኤም ስታጠፋ ዊንዶውስ አይነሳም። ብትሳሳትም አትደንግጥ፣ መልሰህ አብራው፣ ይነሳል። ኤምቢአርን ወደ ጂፒቲ የሚቀይር መሣሪያ ዊንዶውስ 10 ውስጥ አለ። ዲስኩ ከሦስት በላይ ክፍልፋይ ካለው ግን እምቢ ይላል። ምንም ከመንካትህ በፊት የሚያሳዝንህን ፋይል ሁሉ ወደ ውጭ ቅዳ።

ድራይቨሩ ታድሶ፣ ባሩ በርቶ፣ ሞስት ዋንትድ አሁንም ከተቆራረጠ የድራይቨሩን መተርጎሚያ ትተህ የራስህን አስገባ። ዲኤክስቪኬን አውርድ። ውስጡ ኤክስ32 እና ኤክስ64 የሚሉ ፎልደሮች ታገኛለህ። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው፦ ዊንዶውሴ 64 ቢት ነው ብለው ኤክስ64ን ይቀዳሉ። የሚታየው ዊንዶውሱ ሳይሆን ጌሙ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩ ጌሞች ማለት ይቻላል ሁሉም 32 ቢት ናቸው። ከኤክስ32 ውስጥ ዲ3ዲ9 የሚለውን ፋይል ብቻ ወስደህ ጌሙ የሚነሳበት ፋይል ጎን አስቀምጥ። እንደ ቫይስ ሲቲ ላሉ የዳይሬክትኤክስ 8 ጌሞች ዲ3ዲ8ንም ጨምር፤ እሷ ከ2024 ጀምሮ አብራ ትመጣለች። ካልተመቸህ ፋይሉን ማጥፋት ነው፤ ዊንዶውሱን ምንም አይነካም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታጫውት ሼደሮቹን እያዘጋጀ ትንሽ ሊንተከተክ ይችላል፤ ሁለት ሦስት ዙር ንዳና ፍረድ። ኦንላይን የሚጫወቱ፣ ማጭበርበር የሚቆጣጠሩ ጌሞች ላይ ግን እንዳታደርገው። አካውንትህን ሊዘጉብህ ይችላሉ።

አንዳንዴ ደግሞ የሚበላሸው ትርጉሙ ሳይሆን ፍጥነቱ ይሆናል። ቫይስ ሲቲና ሳን አንድሪያስ ላይ «ፍሬም ሊሚተር» የሚለውን አታጥፋ። ጌሙ በሴኮንድ 30 ፍሬም አካባቢ እንደሚሄድ ታስቦ ነው የተሠራው። አዲስ ካርድ ሲለቀቅበት ፊዚክሱ ይዛባል፤ ቫይስ ሲቲ ላይ መኪናው ወደ ኋላ መሄድ እምቢ ይላል። ደንበኛህ ጆይስቲኩ ተበላሸ ብሎ ይጨቃጨቅሃል። በ256 ቀለም የተሠሩት፣ እንደ 1999ኙ ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2 ያሉት፣ ሣሩ ወይን ጠጅ ሆኖ ከመጣ ሲኤንሲ-ዲድሮ የምትባል መተርጎሚያ አለች፤ አቀማመጧ እንደ ዲኤክስቪኬ ነው።

አርክ ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው ብለህ ወደ ኤንቪዲያ እንዳትሮጥም። በ2025 የወጡት የአርቲኤክስ 50 ካርዶች 32 ቢት ኩዳን (ካርዱ ላይ ስሌት የሚሠራበትን የኤንቪዲያ ሥርዓት) ስለጣሉ፣ የድሮ ጌሞች ጭስና ስብርባሪ የሚያሳዩበት ፊዚክስኤክስ በካርዱ መሥራቱን አቆመ። ስንት ሺ ብር የወጣበት ካርድ በ2010ሮቹ መጀመሪያ ጌሞች ላይ ከዘመናት በፊት ከነበረ ካርድ አንሶ ታየ። ሰው ሲጮህ በዓመቱ መጨረሻ ለተወሰኑ ጌሞች በድራይቨር መለሱት። እንደገና፣ በድራይቨር።

ጂቲኤክስ 750 ቲአይህን ግን እንዳትሸጣት። ኤንቪዲያ ለእሷ ትውልድ አዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣቱን በ2025 አቁሟል። ለድሮ ጌም ይህ ምንም አይጎዳትም፤ የ9ኝ ድራይቨሯ በሚገባ የበሰለ ነው። ከኃይል ሰጪው የተለየ ገመድም አብዛኛዎቹ አይፈልጉም። ሁለተኛ ኮምፒውተር ካለህ እዚያ ላይ ሰክተህ ፔስና ሞስት ዋንትድ ብቻ አስጭንባት። አርኩን ለጂቲኤ 5ና ለአዲሶቹ ተወው። ሁሉን ሞክረህ አልሆን ካለ ዲኤክስዲያግ ላይ ታች ያለውን «ሴቭ ኦል ኢንፎርሜሽን» ተጭነህ የሚወጣውን ጽሑፍ ላክልኝ፤ የማዘርቦርዱንም ስም ጨምርበት፣ ፎቶ አንስተህ ቢሆን ይሻላል።